ለፒፓ ጭንቅላት ልብስ ስሰፋ

ፒፓ አላጨስም። ቆዳ ግን እሰፋለሁ። መተዳደሪያዬ አይደለም፤ ከሥራ መልስ እጄን የማፍታታበት ነገር ነው። ቀበቶ እሰፋለሁ፣ የቁልፍ መያዣ እሰፋለሁ፣ የመነጽር ቤት እሰፋለሁ፣ ድፍረት ሲመጣልኝ ደግሞ የቢላ ሰገባ። ሰው መጥቶ «ይህን ስፋልኝ» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ሰፍቼው የማላውቀው ነገር ከሆነማ እንቅልፍም አይወስደኝ።

ፒፓ የሚያጨስ አንድ ወዳጄ «እስቲ ለዚህች ጭንቅላት ልብስ ስፋላት» ያለኝ ጊዜም እንዲሁ ሆንኩ። ጭንቅላት የሚለው ትምባሆው የሚጠቀጠቅበትን፣ እሳቱ የሚነድበትን ጎድጓዳ ክፍል ነው። ከእሱ ዘንግ ይወጣል። በዘንጉ ጫፍ ከንፈር የሚይዘው አፍ አለ። በቃ፣ ፒፓ ማለት ይኸው ነው። ሲያዩት ቀላል ዕቃ ይመስላል።

«ከምን ልጠብቃት?» አልኩት።

«ከሁሉም ነገር» አለኝ።

ይሄ ለሚሰፋ ሰው መልስ አይሆንም። ሰገባ ስሰፋ ሰውን ከቢላው እየጠበቅኩ ነው። የመነጽር ቤት ስሰፋ ደግሞ መነጽሩን ከሰው እየጠበቅኩ ነው። ቆዳው ያው ነው፣ መርፌውም ያው ነው። ግን የሚጠበቀው ማን እንደሆነ ካላወቅኩ አፉን የት እንደምከፍት፣ ምን ያህል ውፍረት እንደምሰጠው፣ ውስጡን ምን እንደማለብሰው መወሰን አልችልም። ፒፓ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ሲወድቅ የሚሰነጠቅ ዕቃ ነው፤ በሆዱ ደግሞ እሳት ይዟል። ጎጂም ተጎጂም ራሱ ነው።

ስለዚህ ቆዳ ከመቁረጤ በፊት ሰዎች የፒፓን ጭንቅላት በምን በምን ሲሸፍኑ እንደኖሩ ማንበብ ጀመርኩ። ንባቡ ከስፌቱ በላይ ጊዜ በላ። አልቆጨኝም።

ከሽፋኖቹ ሁሉ በጣም የተለመደው ክዳን ነው። የጀርመን አገር የድሮ ፒፓዎችን ሥዕል አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ጭንቅላቱ ላይ በማጠፊያ የተያዘ የብረት ክዳን አለ፣ አየር እንዲያስገባም ተበሳስቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኡልም ከተማ ጠራቢዎች በእንጨት ፒፓዎቻቸው ላይ የብር ክዳን ይገጥሙ ነበር። ኋላ ደግሞ የሸክላ፣ በተለይም የፖርሴሊን ጭንቅላት መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና እስከ 1ኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የጀርመን ወታደሮች ግዳጃቸውን ጨርሰው ወደ ቤት ሲመለሱ ለማስታወሻ ፒፓ ያሠሩ ነበር። ፖርሴሊኑ ላይ የክፍለ ጦሩ ስም፣ የወታደሩ ስም፣ አንዳንዴም የጓደኞቹ ስም ዝርዝር ይሣልበታል። ክዳኑም ራሱን የቻለ ጌጥ ነው። ብዙዎቹ ግድግዳ ላይ ለመስቀል እንጂ ለማጨስ የተሠሩ አይመስሉኝም። ርዝመታቸውን ያየ ይፈርድልኛል።

ግን ጌጡን እርሱትና ክዳኑ ለምን እንደመጣ አስቡ። አዳኝ ጫካ ውስጥ ያጨሳል። ገበሬ ከጭድ ክምር አጠገብ ያጨሳል። ከፒፓው የምትዘል አንዲት ፍም ምን እንደምታደርግ ይታወቃል። ክዳኑ ለፒፓው አልነበረም። ለጫካው ነበር፣ ለጎተራው ነበር። በኦቶማን ቱርኮች ዘንድ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበር። ቹቡክ የሚባለው ፒፓ ዘንጉ በጣም ረጅም ነው፤ አጫሹ ተደላድሎ ተቀምጦ ጭንቅላቱ ወዲያ ማዶ ወለሉ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ታዲያ ትንሽ የነሐስ ሳህን ያስቀምጡለታል፣ ምንጣፉ እንዳይቃጠል። ይህን ሽፋን ማለት ይከብዳል። የእኔን ጥያቄ ግን ይመልሳል። የሚጠበቀው ምንጣፉ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ነፋስ ነው። ለማያጨስ ሰው ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ለእኔም ያስረዳኝ ወዳጄ ነው። ፒፓ በዝግታ የሚጨስ ነገር ነው። ፍሙ እንዳይጠፋ ብቻ፣ ቀስ ተደርጎ ይሳባል። ነፋስ ሲመጣ ግን ማንም ሳይስበው ፍሙን ያራግበዋል። ትምባሆው በአንድ በኩል ብቻ ይነዳል፣ ጭሱ ምላስ ይለበልባል፣ የጭንቅላቱ ከንፈር ይጠቁራል፣ አመዱም ዓይን ውስጥ ይገባል። ለዚህ ብለው የሠሩት የተበሳሳች የብረት ቆብ አለች። ጭንቅላቱ አፍ ላይ ጥብቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ነፋሱን ትከለክላለች፣ ለመሳብ የሚበቃ አየር ግን ታሳልፋለች። ወዳጄም አለችው። አይወዳትም። ትምባሆውን ለመጠቅጠቅ በፈለገ ቁጥር ማንሳት አለበት፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ እሷ ራሷ ግላለች። ከነፋስ ልታድነው የመጣች ዕቃ ጣቱን ታቃጥለዋለች።

እዚህ ላይ አልፍሬድ ደንሂልን ሳላነሳ አላልፍም። ዛሬ ስሙን በቅንጦት ዕቃ የምናውቀው ሰውዬ በ1893 የተረከበው የአባቱን ሥራ ነበር፤ ሥራውም የፈረስ ዕቃ፣ ኮርቻና ልጓም መሥራት ነው። መኪና ሲመጣ ገበያው ወዴት እንደሚሄድ ገባውና ለአሽከርካሪዎች የሚሆን ልብስና ዕቃ ማቅረብ ጀመረ። የዚያን ጊዜ መኪና አብዛኛው ጣራም ሆነ የፊት መስታወት የለውም። እየነዱ ፒፓ ማጨስ ደግሞ ይፈለጋል። በ1904 «የነፋስ መከላከያ ፒፓ» ብሎ አወጣ። የጭንቅላቱን የፊት ከንፈር ከፍ አድርጎ ነፋሱን እንዲመልስ አደረገው። ለብቻው ቆብ ከመሥራት ፒፓውን ራሱን ኮፍያ ያለው አድርጎ መቅረጽ ማለት ነው። ከ3 ዓመት በኋላ በ1907 ለንደን ውስጥ ዱክ ጎዳና ላይ የትምባሆ ሱቅ ከፈተ።

የቆዳ ሰው ሆኜ በጣም የገረመኝ ግን የዚህ ተቃራኒው ታሪክ ነው። ደንሂል ከቆዳ ተነስቶ ፒፓ ጋ ደረሰ። ዣን ካሴግሬን ደግሞ ከፒፓ ተነስቶ ቆዳ ጋ ደረሰ። ፓሪስ ውስጥ ቤተሰቡ የትምባሆ ሱቅ ነበረው። በ1948 ሎንሻን የተባለውን ድርጅት ሲመሠርት ምርቱ ቦርሳ አልነበረም፤ በቆዳ የለበሰ ፒፓ ነበር። ጭንቅላቱ ጥሩ ቆዳ ይለብሳል፣ ስፌቱ ጎኑ ላይ ይታያል። ከዚያ የኪስ ቦርሳና የፓስፖርት መያዣ ተጨመረ፣ ከዚያ ሻንጣ፣ እያለ እያለ በ1993 ያ ታጣፊው የናይለን ቦርሳ መጣ። በየአየር ማረፊያው ትከሻ ላይ የምታዩት እሱ ነው። የዘር ሐረጉን ብትቆጥሩ ጫፉ ላይ የሚገኘው የፒፓ ልብስ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የወዳጄን ትእዛዝ ትንሽ በአክብሮት ማየት ጀመርኩ፤ አልዋሽም።

እንግዲህ ቆዳ። ቆዳ የለበሰ ፒፓ ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ እጅን ከሙቀት ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ሲያዝ ይመቻል። ሦስተኛ፣ ጠረጴዛ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲጋጭ እንጨቱ አይጫርም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ፒፓ አዋቂዎች ግን ቆዳ የለበሰ ፒፓ ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ምክንያት አላቸው።

የአሁኑ ፒፓ አብዛኛው የሚሠራው ብራየር ከሚባል እንጨት ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ከሆነ ቁጥቋጦ ነው የሚገኘው። እንጨቱ ግንዱ አይደለም፣ ቅርንጫፉም አይደለም። ከሥሩና ከግንዱ መጋጠሚያ ላይ፣ መሬት ውስጥ እንደ ዕባጭ የሚያብጠው ጉብታ ነው። ጠንካራ ነው፣ ውስጡ ሲሊካ አለበት፣ እሳት ይችላል። ቆፍረው ያወጡታል፣ ይቆራርጡታል፣ ለሰዓታት ይቀቅሉታል፣ ከዚያ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ያደርቁታል። በፈረንሳይ የጁራ ተራሮች ያለችው ሳን ክሎድ ከተማ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ስሟ የተነሳው በዚህ ሥራ ነው።

ችግሩ ጉብታው መሬት ውስጥ ሲያድግ ጠጠርም አሸዋም ይውጣል። ሲጠረብ ጉድጓዶች ይወጣሉ። ንጹሕ የሆነው፣ የእንጨቱ መስመር ቀጥ ብሎ የወረደለት ቁራጭ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ሰማይ ነው። ጉድጓድ ያለበት በማጣበቂያ ይደፈናል፣ ይቀባል። ወይም ገጹ በአሸዋ ይነፋና ሻካራ ይደረጋል። ወይም ደግሞ ቆዳ ይለብሳል። ቆዳ ሲለብስ ምንም አይታይም። አዋቂዎቹ «ቆዳ ካለ ከሥሩ የሚደበቅ አለ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሁልጊዜ ትክክል ናቸው አልልም። ደህና እንጨት ያለበሱም አሉ። ግን በጫማም፣ በወንበርም ቆዳ ምን ምን እንደሚሸፍን እያየሁ ስለኖርኩ አልተከራከርኳቸውም።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። እሱም የመጣው ወዳጄ ሲያጨስ ቁጭ ብዬ ሳየው ነው። እያወራን እያለ ጭንቅላቱን በመዳፉ ይይዛል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጣቶቹን ያፈራርቃል፣ አልፎ አልፎ ጉንጩ ላይ ያስነካዋል። «ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት። «እየለካሁ» አለኝ። ጭንቅላቱ ለመያዝ እስኪያስቸግር ከጋለ በፍጥነት እየሳበ ነው ማለት ነው። ያኔ ያስቀምጠዋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይቀጥላል። የሰው እጅ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ነገር ብዙ አይታገስም። ብራየር ግን ከዚያ በላይ ይችላል። ስለዚህ እንጨቱ ሳይጎዳ በፊት እጅ ይጮኻል። ፒፓ የሚያጨስ ሰው ሁሉ ሳያስበው በእጁ የሙቀት መለኪያ ይዟል።

እንግዲህ እኔ የምሰፋው ምንድን ነው? ያንን መለኪያ የሚዘጋ ነገር።

ይሄን ነገር ከነገረኝ በኋላ ለቀናት ከጭንቅላቴ አልወጣም። የፒፓ ጭንቅላት ሲቃጠል ምን እንደሚሆን ጠየቅኩት። ውስጡ በአንድ ቦታ መክሰል ይጀምራል። ሰበቡ ቶሎ ቶሎ መሳብ፣ ነፋስ፣ ወይም እንጨቱ ውስጥ የተደበቀ ደካማ ቦታ ሊሆን ይችላል። ክሰሉ ወደ ውጭ ይሄዳል። ውጭ ላይ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይታያል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ ያ ቦታ ሲነካ ከሌላው ይልቅ ይፋጃል። በዚያ ሰዓት ከተደረሰበት ፒፓው ሊተርፍ ይችላል። ካልተደረሰበት ይበሳል። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ምልክቶች ማለትም የሚታየው ነጠብጣብና የሚፋጀው ቦታ የሚገኙት ልክ ቆዳው በሚያርፍበት ገጽ ላይ ነው። ተጣብቆ የቀረ ቆዳ ሁለቱንም ይውጣቸዋል። ባለቤቱ የሚሰማው ቆዳው መሽተት ሲጀምር ነው።

የሚገርመው ነገር ፒፓን ከእሳት በእውነት የሚጠብቀው ሽፋን በውጭ አይደለም፣ በውስጥ ነው፤ የሚሠራውም እሳቱ ራሱ ነው። ሲጨስ ሲጨስ የጭንቅላቱን ውስጥ ግድግዳ የከሰል ቅርፊት ይለብሰዋል። ያ ቅርፊት እንጨቱን ከፍሙ ይለየዋል። አዲስ ፒፓ የገዛ ሰው ቀስ እያለ የሚያጨሰው ይህ ቅርፊት እስኪይዝለት ነው። ብዙ አምራቾች ደግሞ ገዢው እንዳይቸገር ውስጡን ቀድመው በከሰል ነገር ቀብተው ይሸጡታል። ቅርፊቱም መጠን አለው፤ ከ1 ሚሊሜትር ብዙም እንዳይበልጥ ይፍቁታል። ሲወፍር ከእንጨቱ እኩል አይሰፋም አይጠብም፤ ጭንቅላቱን ይሰነጥቀዋል። ጠባቂው ሲበዛ ቤቱን ያፈርሳል።

ከዚህ ሁሉ የተገላቢጦሽ የሆነው ሜርሻም ነው። ሜርሻም ነጭ፣ ለስላሳ ማዕድን ነው። ሳይንሱ ሴፒዮላይት ይለዋል፤ የማግኒዝየም ሲሊኬት ዓይነት ነው። ዝነኛው ቱርክ ውስጥ ከኤስኪሼሂር የሚቆፈረው ነው። ሲወጣ እርጥብ ስለሆነ በቢላ ይቀረጻል፤ ሲደርቅ በጣም ይቀላል፣ ውሃ ላይ እስከመንሳፈፍ። ቀዳዳው ብዙ ነው፣ እርጥበትና ዝፍት ይመጥጣል። ተቀርጾ ሲያልቅ ትኩስ ሰም ውስጥ ይነከራል። ሲጨስ ሰሙና የትምባሆው ዝፍት በሙቀቱ እየተንቀሳቀሱ ነጩን ወደ ቢጫ፣ ወደ ወርቃማ፣ ኋላም ወደ ቡናማ ይለውጡታል። ለባለቤቱ ይህ ቀለም የዓመታት ድካም ነው።

ሜርሻም ላይ የሚጠበቀው እጅ አይደለም። ፒፓው ነው፤ የሚጠበቀውም ከእጅ ነው። ጣት ሲነካው ወዙ ይቀራል፣ ሰሙ የጋለ ጊዜ ደግሞ የጣት አሻራ ይይዛል፣ ቀለሙም ጉራማይሌ ይሆናል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ጭንቅላቱን በለስላሳ ቆዳ ጠቅልለው፣ ወይም ጓንት አድርገው ያጨሱ የነበረው ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ፒፓ በልኩ የተፈለፈለ፣ ውስጡ ከፈይ የለበሰ ሳጥን ይሠሩለት ነበር። ቪየና በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። አንዳንዱን ሳጥን ፎቶ ላይ ሳየው ከውስጡ የበለጠ እሱ ያስቀናኛል። ያ ከፈይ ኩርባውን ተከትሎ እንዴት እንደተለጠፈ የሚያውቅ የሰፋ ሰው ብቻ ነው። የውስጥ ቅርፊቱ ሕግ ደግሞ እዚህ ይገለበጣል። ሜርሻም የከሰል ቅርፊት አይፈልግም፤ ከጨሰ በኋላ በወረቀት ወይም በጨርቅ ይጠረጋል።

ደግሞ ምንም ሽፋን የማያስፈልገው አለ፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ። አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ሄንሪ ቲቢ የሚባል የሆላንድ ስደተኛ እንጨት ጠራቢ በ1869 መሥራት ጀመረ። በ1878 ደግሞ የቆረቆንዳውን የውጭ ቀዳዳዎች በጀሶ የመድፈኑን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር አፉ ላይ ሰክቶት ፎቶ የሚነሳው ያ ትልቁ ፒፓ ከዚህ ወገን ነው። ርካሽ ነው፣ ሲቃጠል ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል። ለቆረቆንዳ ልብስ ስፋልኝ የሚል ሰው ቢመጣ አላስገባውም።

ስለ ሽፋን ይህን ያህል ካወራሁ አንድ ነገር መዝለል ያስቸግረኛል። ጫካው ተጠብቋል። ምንጣፉ ተጠብቋል። እንጨቱ፣ ሰሙ፣ ጣቱ፣ ኪሱ ሁሉ ተጠብቋል። የአጫሹ አፍና ጉሮሮ ግን ቆብም ቆዳም የላቸውም። የፒፓ ጭስ ወደ ሳንባ ስለማይሳብ አይጎዳም የሚሉ አሉ። ፒፓ ማጨስ ግን የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ይህን ለወዳጄ ነግሬዋለሁ። እሱም ያውቀዋል። «ልብሱን ስፋ እንጂ» ብሎኛል። ሰፋሁለት። ጓደኝነት አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ሰውየው አልቀይርም ያለውን ነገር ተሸክማችሁ የቀየረውን ታደንቃላችሁ። ማጨሱን በቀን ወደ አንድ ጊዜ አውርዶታል፤ እሱም በሽፋን የመጣ አይደለም።

እና በመጨረሻ ምን ሰፋሁ?

የማይጣበቅ ነገር። ይህን ገና ሲለካ ሳየው ወስኛለሁ። ልብሱ ሲያጨስ የሚወልቅ፣ ሲጨርስና ሲቀዘቅዝ የሚለበስ መሆን አለበት። ማለትም እጁን ከሙቀት አይጠብቅም፤ ያንን ሥራ ለእጁ ተውኩት። የሚጠብቀው ፒፓውን ከቁልፍ፣ ከሳንቲም፣ ከጠረጴዛ ጠርዝ ነው። ወዳጄ መጀመሪያ ቅር አለው። እሱ ያሰበው ፎቶ ላይ እንዳያቸው የለበሰ፣ ስፌቱ የሚታይ ቆንጆ ፒፓ ነበር። «ያንን ከፈለግህ እጅህን አውልቀህ ስጠኝ» አልኩት። ሳቀ። ተስማማን።

ቆዳው በዕፅዋት ቅርፊት የለፋ ነው፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ። ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ሙቀትም የተሻለ ይችላል፤ ግን ቅርጽ አይዝም። በዕፅዋት የለፋው ለብ ባለ ውሃ ሲነከር እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም የሰጡትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የጭንቅላቱን ኩርባ ለማውጣት ይሄ የግድ ነው። በእርግጥ ፒፓውን ራሱን እርጥብ ቆዳ ውስጥ መክተት አይገባም፤ ብራየርም ቢሆን ይበላሻል፣ ሜርሻም ከሆነማ ይለሰልሳል። በላስቲክ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልዬ ነው ቅርጹን የወሰድኩት። ከዚያ ፒፓውን አውጥቼ ቆዳውን ለብቻው ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ማድረቅ አይሆንም፤ እርጥብ ቆዳ ሲግል ይጨማደዳል፣ ይደርቃል፣ እንደ ቀንድ ይሆናል። የደረቀውም ቢሆን ብዙ ሲግል መኮማተር ይጀምራል። ጭንቅላቱ ሳይቀዘቅዝ ልብሱን እንዳያለብሰው ያስጠነቀቅኩት ለዚህም ጭምር ነው። ዋናው ምክንያት ግን ያልጠፋች ፍም ናት። ከስፌቴ ውስጥ ጭስ ሲወጣ ማየት አልፈልግም።

ስፌቱን በሁለት መርፌ ሠራሁት፣ የኮርቻ ስፌት በሚሉት። አንዱ መርፌ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ፣ በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋሉ። አንድ ቦታ ክሩ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። በማሽን የሚሰፋው እንዲህ አይደለም። ክሩ ሰም የተቀባ የተልባ እግር ክር ነው። በወስፌ ቀዳዳውን ስበሳ ኩርባው ላይ እያጋደለ አስቸገረኝ፤ ክብ ነገር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማስኬድ ከባድ ነው። ስፌቱን ከፊት ሳይሆን ከዘንጉ ሥር አድርጌ አወረድኩት፤ እዚያ ጥላ ስላለ ብዙም አይታይም። አፉ ላይ ክዳን የለውም። ከጭንቅላቱ ከንፈር ትንሽ አልፎ ይወጣና በቀጭን ጠፍር ይሰበሰባል። ውስጡን ሱፍ አለበስኩት። ማጣበቂያ ውስጡ አልነካሁም፤ የማጣበቂያ ሽታ ሙቀት ሲያገኝ ይነሳል፣ ትምባሆ የሚያሸት ሰው ደግሞ አፍንጫው ቀልድ አያውቅም።

ከታች፣ የጭንቅላቱ ቂጥ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ተውኩለት። ፒፓ ሲጨስ እርጥበት ይይዛል፤ ከጨሰ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን እንዲደርቅ ይተዉታል። በቆዳ ተዘግቶ ከዋለ ይጎመዝዛል። ቀዳዳዋ ለአየር ናት። እሱ ግን ለጌጥ መስሎት «አበባ አስመስለህ ብትበሳት» አለኝ። በሳኋት። ምን ይደረጋል።

አሁን አንድ ያልጨረስነው ክርክር አለ። ልብሱ ከለበሰ ጀምሮ ቆዳው የትምባሆ ሽታ ጠጥቷል፣ እሱ ደስ ብሎታል። እኔ ግን ሌላ የትምባሆ ዓይነት ሲያጨስ የድሮው ሽታ እንዳይቀላቀልበት ፈራሁ። ሱፉን አውጥቼ በሚነቀል ጨርቅ ልለውጠው ነው የምለው፤ ሊታጠብ እንዲችል። እሱ ደግሞ «ተወው፣ ሽታው ነው ዋናው» ይለኛል። ሁለተኛ ፒፓ አለችው፣ አጭርና ወፍራም። የእሷን ልብስ በጨርቁ እሰፋለሁና እናወዳድራለን።